ከሥር የሚበሩ ፊደሎች

ኑረንበርግ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በለጠች ያርጋል
ደባርቅ

ከሁሉ አስቀድሞ ናፍቆት ያለበት ሰላምታዬ ወገራን አቋርጦ፣ ዳባት ላይ ከእናቴ ደጅ አረፍ ብሎ፣ እርስዎ ዘንድ ይድረስልኝ። ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ወገብዎስ? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። እናቶቻችን እኅትማማች ናቸውና በወጉ እኅቴ ነዎት፤ ግን ስድስተኛ ክፍልን ከቤትዎ ተቀምጬ ስለተማርሁ እስከ ዛሬ ስጽፍልዎ እጄ ይፈራል። መነጽሩን ለብቻው በጥቅል ልኬልዎታለሁ።

ሥራህ ምንድን ነው ብለውኝ ነበር። የምሠራበት ፋብሪካ ትንሽ ነው፤ ለታይፕና ለኮምፒውተር የሚሆኑ ቁልፎች ይሠራል፣ ጣት የሚያርፍባቸውን ማለቴ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ነገር አበጀሁ። ቁልፉን ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ እሠራና ጥቁር ቀለም እቀባዋለሁ፤ ከዚያ በፊደሉ ቅርጽ ቀለሙን እፍቃለሁ። ከሥር ትንሽ አምፑል ሲበራ፣ ክፍሉ ድቅድቅ ቢል እንኳ ፊደሉ ብቻውን ያበራል። አለቆቼ ደስ አላቸው፤ የፈጠራ መብት እንዲሰጠን በስሜ አመለከቱ።

የጀርመን መንግሥት የፈጠራ መብት ቢሮ መርማሪ ግን አልተቀበለውም። «የሊፍት ቁልፍ ከሥር ይበራል፤ ቀለም ፍቆ ፊደል ማውጣትም የታወቀ ነው፤ ሁለቱን ማገናኘት ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ሁሉ ግልጽ ነው» ብሎ ጻፈ። ሕጋቸው እንዲህ ነው፤ ማንም ባለሙያ ሊደርስበት የሚችለው ነገር ፈጠራ አይባልም። ጠበቃችን አንድ መንገድ አለ ይላል። «ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፣ በጨለማ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች ለምን አላሰቡትም? እንዲህ ያለ ምስክር አምጣልኝ» አለኝ። ይህን ሲል የታዩኝ እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ በላይ በጨለማ በታይፕ የጻፈ ሰው አላውቅም።

አንዲት ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። «በሙያዬ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፤ ብርሃን በሌለበት ጽፌያለሁ፤ እኔም ሆንሁ ከእኛ መካከል ማንም ይህን ነገር አላሰበውም» ትላለች። ፊርማዎ ብቻ ይበቃል።

በጸሎትዎ አይርሱኝ።
ክንዴ

*

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለክንዴ

የእናቶቻችን አምላክ ባለህበት ጥላ ይሁንህ። እኔ አለሁ፤ ወገቤ ግን የለም ማለት ይቻላል። መነጽሩ ደርሶኛል፤ አፍንጫዬ ላይ አልቆም ቢለኝ በክር ወደ ኋላ አስሬዋለሁ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። እናትህን በማርያም ዕለት ዳባት ወርጄ አይቻቸዋለሁ፤ ደኅና ናቸው።

ሰው በዕድሜው ስንት ነገር መስክር ይባላል። ሳላስብ የቀረሁትን ነገር አላሰብሁም ብዬ እንድመሰክር የጠየቅኸኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።

አዎ፣ የምጽፈው በጨለማ ነው። በ1969 ተኩስ ሲበዛ የአውራጃውን ጽሕፈት ቤት መስኮቶች በአሸዋ ጆንያ ደፈኗቸው። ተኩሱ ሲያልፍ ጆንያውን የሚያነሣ ሰው ጠፋ፤ እስከ ዛሬ በቀትር ዋሻ ውስጥ እንዳለን ነን። ጀኔሬተሩ ናፍጣ ሲያገኝ ይጮኻል፣ ሲያጣ ዝም ይላል፤ ዝም የሚልበት ይበዛል። ፋኖስ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ክልክል ነው፣ አንድ ጊዜ የማባዣው ስቴንስል ወረቀት ተቃጥሎ ነበርና። ኃላፊው ግን «በለጠች፣ ስሕተት በዛ» ይለኛል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ ልምጣ። እኔ አላሰብሁትም፣ ይህ እውነት ነው። «ከእኛ መካከል ማንም» የሚለውን ግን አልፈርምም፤ ያሰበች አለች። ይመኙሻል ባዘዘው ትባላለች፣ የደረስጌ ልጅ ናት። ከእኔ ጎን በአሮጌው ታይፕ ትጽፍ ነበር። የዚያ ታይፕ ቁልፎች አናታቸው ተሰባብሮ የቀረው ብረቱ ነበር። እሷ ያን ብርሃን የሚያሳልፈውን የጥርስ ብሩሽ እጀታ በጋለ ቢላ እየቆረጠች አናት አበጀችላቸው። በላዩ የራጅ ፊልም ለጠፈችበት፤ አባቷ ጎንደር ሆስፒታል ሳንባቸውን የተነሡበትን ጥቁሩን ፊልም። ፊደሉን በመርፌ ፋቀችው። ከሥር የእጅ ባትሪ ሰካች። ስታበራው ሀ ሁ እንዳለ ጨለማው ላይ ተዘርግቶ ታየን። ባለጉዳይ ሁሉ ቆሞ ያይላት ነበር። የነገርኸኝን ሳነብ ያንተው ነገር እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት።

አሁን ከመሥሪያ ቤታችን የለችም።

የታይፕ ሪቫን ብታገኝ ላክልኝ፤ የእኛው ቀለሙ አልቆ ጨርቁ ነው የቀረው።

እኅትህ በለጠች

*

ኑረንበርግ፣ ጥር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በለጠች

ሰላምታዬ ከነአክብሮቱ ይድረስዎ። ሪቫኑን ገዝቻለሁ፣ በቅርቡ ይደርስዎታል።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። አንዴ ደስ ይለኛል፣ አንዴ ይከፋኛል። ዓለም ላይ ስንት ጨለማ ቢሮ እያለ፣ ምስክር ፍለጋ የሄድሁበት ቢሮ ውስጥ ነገሩ ተሠርቶ ይቆየኝ? እኔ ከእሷ ሰምቼ እንዳልወሰድሁት እርስዎ ያውቃሉ፤ አገር ስለቅ እሷ ገና ሥራ አልገባችም ነበር። ሁለታችንም ያው ብርድ፣ ያው ጨለማ ያሳደገን የሰሜን ልጆች ነንና አንድ ቦታ ደረስን ልበል።

የት ነው ያለችው? ሥራ ቀይራ ከሆነ አድራሻዋን ይላኩልኝ። ብትስማማ ስሟን ከስሜ ጎን አስገባለሁ፤ የሚገኘውም የጋራችን ይሆናል። ይህ ካልሆነ ደግሞ፣ ይቆጡኛል ብዬ እየፈራሁ ነው የምጽፈው፣ ልጅቱ ከለቀቀች ከቆየ፣ እዚህ ማን ሊጠይቅ ነው? ባይጠቅሷትስ? ለእሷ የሚጎድልባት ነገር የለም።

ሁልጊዜ አክባሪዎ
ክንዴ

*

ደባርቅ፣ መጋቢት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለክንዴ

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ጥጉ ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ ደረሰኝ፤ የመንገዱ እርጥበት ይሆናል። ሪቫኑ አልደረሰም።

የጠየቅኸኝን ሰው አድራሻ አላውቅም። ስለዚህ ጉዳይ ባትጽፍልኝ ደስ ይለኛል። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን እያስተማርን ነው፤ ብዙዎቹ ስማቸውን መጻፍ ችለዋል። ገብሱም ጥሩ ነበር።

እናት አገር ወይም ሞት!

በለጠች ያርጋል

*

ኑረንበርግ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በለጠች

ለፋሲካ እንኳን አደረሰዎ። ጾሙን በሰላም ፈትተዋል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻውን መልእክትዎን ሳነብ ግርጌው ላይ ስደርስ ደነገጥሁ። ለእኔ እንዲያ ብለው ጽፈው አያውቁም። ገብቶኛል፤ ስለ ሰው አልጠይቅም።

ስለ ራሴ ግን መናገር አለብኝ። የምሠራበት ክፍል ይዘጋ እየተባለ ነው። አለቃዬ በግልጽ ነገረኝ፤ መብቱ ከተሰጠን ክፍሉ ይቆያል፣ እኔም እቆያለሁ፤ ካልተሰጠን እኔ የመጀመሪያው ተሰናባች ነኝ። እዚህ አገር የመኖሪያ ፈቃዴ በሥራዬ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሥራው ከቀረ ፈቃዱ ይቀራል፤ ፈቃዱ ከቀረ ወዴት እንደምመለስ፣ እንዴትም እንደሚቀበሉኝ እርስዎ ያውቁታል። ሰውነቴ ዝሏል፣ እትዬ። ስተኛም ስነሣም ይኸው ነው።

«ከእኛ መካከል ማንም» የሚለው ይቅር። «እኔ አላሰብሁትም» ብቻ ይበሉልኝ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ራስዎ ጽፈውልኛል። መልሱን እስከ ክረምቱ መጨረሻ ማቅረብ አለብኝ።

ይቅር ይበሉኝ።
ክንዴ

*

ደባርቅ፣ ሰኔ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ ክንዴ፣ የደረስጌ ማርያም ትከተልህ።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አያውቀውም። ቡይት ራስ በሚባለው ቦታ የፓርክ ጠባቂ የሆነው አለነ ለሥልጠና አዲስ አበባ ወርዷል፤ እዚያ ለሚያውቀው፣ ወደ አገሩ ለሚመለስ ፈረንጅ ይሰጥልኛል። ስለዚህ እንደ ሰው ልጻፍልህ። መልስ ያዘገየሁት ጠልቼህ አይደለም። ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ደግሞ ደከመኝ።

ይመኙሻል አልለቀቀችም፤ ወሰዷት። በ1970 ነው። ያን ቁልፍ ሠርታ መጀመሪያ ያበራችው ዕለት የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊ አሻግሬ ሳቀባት። «ይኼማ ማን ያጣዋል! ባትሪ ከሥር መወሸቅም ሙያ ሆነና?» አለ። እሷም አብራ ሳቀች፤ እንዲያ ያለች ልጅ ነበረች፣ ስድብ እንኳ አጠገቧ ብዙ አይቆይም። እንግዲህ ይህ መርማሪህ የጻፈው ነገር ነው፣ በእኛ አገር አማርኛ። ዓመት ሳይሞላ ግን እነዚያው ሰዎች ሌላ ነገር አሉ። «መብራቷ ከውጭ ሳይታይ መጻፍ የምትችል ሴት ምን ስትጽፍ ነበር? ይህን ያህል ብልሃት ማን አስተማራት?» አሉ። እንደ ቀላል የናቁትን ነገር መልሰው ወንጀል አደረጉት። ምን እንደጻፈች አላውቅም፤ እኔ ሳያት የምትጽፈው የከብት ዝውውር ፈቃድ ነበር።

ከምሳ በፊት መጡ። «ለጥቂት ጥያቄ ነው» አሏት። ቶሎ እመለሳለሁ ብላ ነጠላዋን ወንበሯ ላይ ትታ ሄደች። ቁልፎቹን ነቃቅለው ወሰዱ፤ ታይፑ አሁን ዕቃ ቤት ነው።

እናቷ እማማ ይርገዱ ከደረስጌ በእግራቸው መጡ። አሻግሬ በሩ ላይ ቆሞ «በዚህ ስም የምትጠራ ሠራተኛ ኖራን አታውቅም» አላቸው። ታስራለች አላለም፣ ሞታለች አላለም፤ ኖራ አታውቅም አለ። እሳቸውን ተከትዬ ወጥቼ «እማማ፣ ነበረች፤ ከጎኔ ነበረች» ብላቸው እጄን ይዘው «አንቺ ማለትሽ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ? እነሱ ይበሉ እንጂ» አሉኝ። ዘንድሮም ይመላለሳሉ፤ መልሱ ያው ነው። ቄሱ መሞቷ ሳይታወቅ ፍትሐት አንፈታም ይላሉ። እማማ ይርገዱም ሞታለች ብሎ ማልቀሱን ፈሩ፣ አለች ብሎ መጠበቁ አደከማቸው። ጠላ ጠምቀው እንኳ ለነፍሷ አንድ ሰው አላጠጡም። እኔም በየጊዜው ሳያቸው ዐይናቸውን እሸሻለሁ።

አንተ «ባይጠቅሷትስ» ስትለኝ፣ ለእሷ የሚጎድል የለም ስትለኝ፣ ልቤ አዘነብህ። ጠላሁህ ማለቴ አይደለም። ሳታውቅ ነው፤ ግን አንተም እንደ አሻግሬ አልነበረችም በይልኝ አልኸኝ።

አሁን ደግሞ እንደምትመለስ ነገርኸኝ። እናትህ ፊት ቆሜ ልጅዎን እኔ አስመለስሁት ማለት አልችልም። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ጽፌ ሁለቱንም ፈርሜያለሁ። አንደኛው «እኔ በለጠች ያርጋል ይህን ነገር አላሰብሁትም» ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። ሁለተኛው የይመኙሻልን ስም፣ የሠራችውን፣ ባለጉዳይ ሁሉ እያየ ስትጽፍበት እንደነበር ይናገራል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የፈለግኸውን ስጥ። እኔ መምረጥ ደክሞኛል፤ አንተ ደግሞ ገና ጉልበት አለህ። ሁለተኛውን ብትሰጥ ስሜ እዚህ ተመልሶ ቢመጣብኝ፣ ይምጣ።

እኅትህ በለጠች

*

ኑረንበርግ፣ ኅዳር 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእትዬ በለጠች

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ። ይህን የሚያደርስልዎት ሐኪሙ ሀብተ ሚካኤል ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ ጎንደር ሆስፒታል ይገባል። የታመነ ሰው ነው። ሪቫኑንም እንደገና ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ።

ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሰነበትሁ። መጀመሪያ አንደኛውን አነሣሁ፤ ልዋሽዎት አልችልም። ፖስታ ውስጥም ከትቼው ነበር። ከዚያ መርማሪው ስለ እኔ የጻፈውን መልሼ ሳነብ ተናደድሁ፤ «ማንም ባለሙያ ይደርስበታል» የሚለውን። እንዴት እንዲህ ይለኛል ብዬ ስንት ወር ነው የታመምሁት። እሷንም ያሏት ይህንኑ ነው። ልዩነታችን፣ እኔ ከተባልሁ በኋላ ወደ ቤቴ መግባቴ ነው። ያን ሳስብ አፈርሁ። ሁለተኛውን ሰጠሁ።

ጠበቃው «በራስህ ላይ መሰከርህ» ብሎ ብዕሩን ወረወረው። እውነቱን ነው። ውሳኔው መጣ፤ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ከዚህ ጋር ያገኙታል። ዋናውን ቃል እንዲህ ተርጉሜዋለሁ።

«አመልካቹ ራሱ ባቀረበው የምስክር ቃል እንደተረጋገጠው፣ ፊደሉ በጥቁር ፊልም ላይ ተፍቆ ከሥሩ በሚበራ መብራት የሚታይ ቁልፍ፣ በኢትዮጵያ፣ በደባርቅ ከተማ፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ በነበረችው በወይዘሪት ይመኙሻል ባዘዘው ተሠርቶ በሕዝብ ፊት አገልግሏል። ስለሆነም የአመልካቹ ሥራ አዲስ አይደለም። ማመልከቻው ውድቅ ተደርጓል።»

ክፍሉ ተዘጋ፤ እኔም ተሰናበትሁ። አይደንግጡ፣ ፈቃዴ ሳይቃጠል ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ። ሊፍት እጠግናለሁ። መርማሪው የጠቀሰብኝን ያን የሚበራ ቁልፍ ቀኑን ሙሉ ስፈታና ስገጥም እውላለሁ፤ ደመወዙ ያነሰ ነው፣ እጄም ቅባት አይለየውም። ማታ ስገባ ለመብላት እንኳ ይሰለቸኛል። ግን አልተመለስሁም፤ ለእናቴ ይህን ይንገሩልኝ።

ወረቀቱን ምን እንደሚያደርጉት እርስዎ ያውቃሉ።

ክንዴ

*

ደባርቅ፣ ጥር 27 ቀን 1977 ዓ.ም.

ወንድሜ ክንዴ

ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ ሊፍቱም በላይህ አይውረድብህ። ሪቫኑ ደርሷል፣ መሥሪያ ቤቱ አሁን ፊደል ይታይበታል። ለእናትህ አልተመለሰም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ አልቅሰው አመሰገኑ።

ሐኪሙ ወረቀቱን እጄ ላይ ሲያኖር ብዙ አልቆየሁም። ለጥምቀት ፈቃድ ወስጄ ደረስጌ ሄድሁ። መንገዱ እንደምታውቀው ነው፤ በእኔ ወገብ ደግሞ ሌላ ነው። እማማ ይርገዱ ደጃፋቸው ላይ ገብስ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። መነጽሬን በክሩ አስሬ፣ ያንተን ትርጉም ቀስ ብዬ አነበብሁላቸው። ስጨርስ ገብሱን በእጃቸው እየበተኑ ጠየቁኝ።

«ሞታለች ይላል?»

«አይልም፣ እማማ።»

«አለች ይላል?»

«እሱንም አይልም። ጸሐፊ ነበረች፣ ይህን ሠርታለች ነው የሚለው።»

«ማን ነው ያለው?»

«መንግሥት ነው፣ የጀርመን መንግሥት።»

«ማኅተም አለው?»

አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ጣታቸውን በማኅተሙ ዙሪያ ቀስ አድርገው አዞሩት። ስሟ የቱ ላይ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በፈረንጁ ፊደል የተጻፈውን አመለከትኋቸው። ከዚያ «ጥቁር ፊልም ያልሽው የባዘዘው ራጅ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት። አባቷ ካረፈ በኋላ ልቀብረው ስል ስጪኝ አለችኝ። ምን ሊሆንሽ ነው ብላት ታይዋለሽ ብላኝ ነበር።» ይህን ብለው ገብሱ ላይ ተደፉ። እኔም አብሬ ጮኽሁ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ ማን ሞተ ሲባል እማማ ይርገዱ ቀና ብለው «ይመኙሻል ልጄ፤ ነበረች፣ መንግሥት ነበረች ብሏል» አሉ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያልወጣ ለቅሶ ያን ዕለት ወጣ።

ቄሱ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። ፈረንጅኛውን አላነበቡትም፤ የእማማ ይርገዱን ፊት ግን አነበቡ መሰለኝ፣ አልተከራከሩም። በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት ፍትሐት ተፈታላት። ተዝካሯ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እኔም ጌሾ እወስዳለሁ ብያለሁ። መሥሪያ ቤት ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል ብዬ መፍራቱን እዚያው ደረስጌ ትቼው የመጣሁ ይመስለኛል፤ ነገ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም።

ስመለስ እማማ ይርገዱ እስከ ቁልቁለቱ ሸኙኝ። ወረቀቱን፣ ከወንበሯ ላይ አንሥቼ ከወሰድሁላቸው ከይመኙሻል ነጠላ ጋር ጠቅልለው ደረታቸው ሥር ይዘውታል። «ይህን ያመጣልኝ ልጅ ለራሱስ ምን አገኘ?» አሉኝ። መዋሸት አልሆነልኝም። «የለመናቸውን ከለከሉት፣ እማማ። እሷ ቀድማ ሠርታዋለች ብለው ከለከሉት» አልኋቸው። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«እሱንስ ማርያም ትካሰው። እነዚያን የከለከሉትን ሰዎች ግን፣ ይርገዱ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በልልኝ በዪው።»

አደራ ነውና ጽፌልሃለሁ። ቅር ሳይልህ አድርስላቸው።

እኅትህ በለጠች ያርጋል